የልጅነት ቅያሜን አደባባይ ላይ ማስጻፍ፦ ሐዋሳ ላይ እንዴት ይሠራ?

እናትና አባት ላይ የተያዘ ቅያሜ እኛ ዘንድ ገመና ነው። እርግማን ይፈራል፣ «ወልደው አሳድገውህ!» መባል ይፈራል፣ ስለዚህ ሰው ራሱ ልጅ ወልዶም በሆዱ እንደያዘው ይኖራል። አላፊ አግዳሚው ራሱ እየጻፈ የሚሠራው የአደባባይ ጥበብ ይህን ለማውጣት ይረዳል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኬንዲ ቻንግ የተባለች አርቲስት በ2011 እ.ኤ.አ. ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የአንድ ወና ቤት ግድግዳ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ቀብታ «ከመሞቴ በፊት…» የሚል ጅምር ደጋግማ ጻፈችበት፣ ጠመኔ አስቀመጠች፣ ቀሪውን መንገደኛ ሞላው። አርቲስቷ ዮኮ ኦኖ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ሰዎች ስለ እናታቸው የሚጽፉበት ባዶ ሸራ አዘጋጅታለች።

ቦታው ፍቅር ሐይቅ ዳር ቢሆን እመርጣለሁ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሰው ወደዚያ የሚወጣው ሊንሸራሸር ነው፣ አይቸኩልም። ገብርኤል አደባባይ ሰው ቢበዛም ባጃጁና ግፊያው አያጽፍም። አሞራ ገደል የመጣ ሰው ደግሞ ልቡ ዓሣው ላይ ነው። ክረምቱ ይውጣ፣ ፈቃድም በጽሑፍ ያዙ።

ጠመኔ ለምኞት ይሆናል፣ ለቅያሜ ግን አይሆንም። ከኋላ ሰው ቆሞ እያየህ ስለ አባትህ አትጽፍም። ስለዚህ የካርቶን ቁራጮች፣ ስክሪብቶ፣ ሲባጎና የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። የመጻፊያውን ጠረጴዛ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሩት፣ ጀርባውን በኮምፔንሳቶ ጋርዱ። ስም አይጻፍ፣ የሚጽፍ ሰው ፎቶ አይነሳ።

ዋናው ሥራ ጥያቄው ነው። «ስለ ወላጆችህ ምን ይሰማሃል?» ካላችሁት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ናቸው» ብሎ ያልፋል። ትንሽና የሚጨበጥ ነገር ጠይቁ፣ ጅምሩን ብቻ ስጡት፦ «ልጅ ሆኜ ጠብቄ የቀረብኝ…»፣ «ሲቆጡኝ የሚሉኝ…»፣ «ዛሬ ባገኛቸው የምጠይቃቸው…»። «በእጃቸው የሠሩልኝ፣ የማልረሳው…» የሚልም ይኑር፣ ምክንያቱም ፍቅሩና ቅያሜው ያለው እዚያው አንድ ልብ ውስጥ ነው። «ወላጅ» ከማለት ደግሞ «ያሳደገኝ ሰው» በሉ። አያቱ ያሳደገችው አለ፣ እናቱ አረብ አገር ሆና አክስቱ ጋ ያደገ አለ።

አንዱ «ሪፖርት ካርዴን ይዤ በር ላይ ስጠብቅህ አምሽተህ መጣህ፣ ሳታየው ተኛህ» ብሎ ሰቀለ እንበል። ያነበበው ሰው ምክር እንዳይጽፍለት። «ይቅር በላቸው» የሚል አንድ ወረቀት ከተሰቀለ ቀጣዩ ሰው ስክሪብቶውን አያነሳም። በምትኩ ቀይ ክር አስቀምጡ፣ «እኔም» የሚል ሰው ካርዱ ላይ አስሮበት ይሂድ። በሲዳምኛም በወላይትኛም ይጻፍ፣ የማይጽፍ ሰው ይሳል፣ ወይም የምትጽፍለት አንዲት ታማኝ ሰው ትቀመጥ።

አንድ ነገር ግን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔንቤከር በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ተማሪዎች ለአራት ቀን በቀን 15 ደቂቃ የደረሰባቸውን ክፉ ነገር ጽፈው ነበር። ስሜታቸውን ጭምር የጻፉት ወዲያው ሲጨርሱ ከብዷቸዋል፣ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ማእከል የሄዱት ያነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሚያለቅስ ይኖራል። የሥነ ልቦና ባለሙያ አጠገባችሁ ይኑር፣ ወንበርና ውሃ አዘጋጁ፣ ማንንም እንዲናገር አትወትውቱ። አንድ ልጅ ዛሬም እየተመታ ወይም እየተደፈረ እንደሆነ ከጻፈ ግን ያ ካርድ ፈጽሞ አይሰቀልም። ባለሙያው ልጁን ለብቻው ያነጋግረው፣ ጉዳዩም ለሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ወይም ለፖሊስ ይድረስ።

መሰቀል የማይፈልግ አዋቂ የሚከትበት ቁልፍ ያለው ሣጥንም ይኑር። «አይነበብም» ብላችሁ ከጻፋችሁበት አይነበብ፣ ሳይከፈት ይቃጠል። የተሰቀሉትን ሳይመሽ ሰብስቡ፣ ሌሊት ነፋሱ ወስዶ መንገድ ላይ እንዳይበትናቸው።