ፍሪቢኤስዲን ከሶርስ ኮድ መገንባት፦ ምን ሲበላሽ ምን ይደረጋል

ፍሪቢኤስዲ እንደ ሊኑክስ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እሱ ላይ ከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት)፣ ሼሉም፣ ኮምፓይለሩም፣ ትንንሾቹ ኮማንዶችም ሶርሳቸው አንድ ላይ ነው ያለው። ዩኤስአር ኤስአርሲ ወደሚባለው ፎልደር በጊት ታወርዳላችሁ፣ ትገነባላችሁ፣ ትጭናላችሁ፣ አለቀ። እኔ ይህን ሲስተም የምወደውም ለዚህ ነው። ችግር ሲመጣ ግን የትኛው ደረጃ ላይ እንደመጣ ካላወቃችሁ ቀኑን ሙሉ ስትዳክሩ ትውላላችሁ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንያዝ፤ ኮማንዶቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው። ሜክ ግንባታውን የሚያካሂደው ፕሮግራም ነው፣ ወርልድ የሚባለው ከከርነሉ ውጭ ያለው ሲስተም ነው፣ ኢቲሲአፕዴት ደግሞ ኢቲሲ ውስጥ ያሉትን የሴቲንግ ፋይሎች ያድሳል። ሜክ ቢልድወርልድ፣ ሜክ ቢልድከርነል፣ ሜክ ኢንስቶልከርነል፣ ሪስታርት። ከዚያ ኢቲሲአፕዴት በትንሿ ፒ፣ ሜክ ኢንስቶልወርልድ፣ ኢቲሲአፕዴት በትልቁ ቢ፣ እንደገና ሪስታርት። የማያስፈልጉትን የድሮ ፋይሎች የሚሰርዘው ሜክ ዴሊት-ኦልድ የመጨረሻው ነው። ከሁሉም በፊት ግን አፕዴቲንግ የሚባለውን ፋይል ክፈቱና ካለፈው ግንባታችሁ ወዲህ የተጻፈውን አንብቡ። ዲስካችሁ ዜድኤፍኤስ (የፋይል ሲስተም ዓይነት ነው) ከሆነ ደግሞ በቤክትል አንድ ቡት ኢንቫይሮመንት፣ ማለትም የአሁኑን ሲስተም ቅጂ፣ ፍጠሩ። ነገር ከተበላሸ ከቡት ሜኑው ላይ የድሮውን መርጣችሁ ትመለሳላችሁ። አንድ መስመር ኮማንድ ናት፣ እባካችሁ አትዝለሏት።

ስክሪኑ ላይ «ኤረር ኮድ 1» ብቻ ይታያል

ይሄ በሽታው አይደለም፣ ሜክ መቆሙን ነው የሚነግራችሁ። ጄ8 ብላችሁ ስምንት ስራ ባንዴ ካስኬዳችሁ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ የያዙትን እስኪጨርሱ ማተማቸውን ይቀጥላሉ፣ ስለዚህ እውነተኛው ኤረር ብዙ መቶ መስመር ወደላይ ተቀብሮ ሊቀር ይችላል። ግንባታውን ሁልጊዜ በስክሪፕት ወይም በቲ ኮማንድ ወደ ፋይል እየቀዳችሁ አስኪዱ። ሲቆም ፋይሉን ከላይ ወደታች እያያችሁ ኤረር የሚለው ቃል መጀመሪያ የመጣበትን ፈልጉ። የመጀመሪያውን! ካልተገኘ ያለ ጄ እንደገና አስነሱት፤ ቀስ ይላል፣ ነገር ግን የሚቆመው እዚያው የወደቀበት ላይ ነው።

ሰው እርዳታ ሲጠይቅ የመጨረሻዎቹን አምስት መስመሮች ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ በእነሱ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። ሎጉን ላኩ።

ኮምፓይለሩ «ኪልድ» ብሎ ይሞታል

ራም አልቆ ነው። ቢልድወርልድ ውስጥ ከባዱ ስራ ራሱን ኮምፓይለሩን፣ ማለትም ክላንግንና ኤልኤልቪኤምን መገንባት ነው፤ ከፋይሎቹ አንዳንዶቹ ብቻቸውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። አራት እንደዚህ ያሉ ስራዎች ባንዴ ከገጠሙና 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ካላችሁ ከርነሉ አንዱን ይገድላል። የከርነሉን መልእክቶች በዲሜሴጅ ብታዩ ሲፕላስፕላስ የሚለው ፕሮሰስ «ፌይልድ ቱ ሪክሌም ሜሞሪ» ተብሎ መገደሉን ታገኛላችሁ።

ጄን ቀንሱ። የኮር ብዛት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ እኔ ለአንድ ስራ 2 ጊጋባይት አስቤ ነው የምተወው። ካልበቃ ስዋፕ (ራም ሲያልቅ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምሩ፦ በዲዲ የ4096 ሜጋባይት ፋይል ፍጠሩ፣ ፈቃዱን 0600 አድርጉ፣ ኤፍኤስታብ ውስጥ አስገቡት፣ በስዋፕኦን አብሩት። ፋይል ሲስተሙ ዜድኤፍኤስ ከሆነ ግን የስዋፕ ፋይል አታስቀምጡበት፤ ራም ባለቀበት ሰዓት ዜድኤፍኤስ ራሱ ለመጻፍ ራም ስለሚፈልግ ማሽኑ ድርቅ ሊል ይችላል። እዚያ ላይ የተለየ ፓርቲሽን ነው የሚሻለው።

አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ «ሲግናል 11»

ፕሮግራም በተሳሳተ የሜሞሪ አጠቃቀም ሲሞት የሚታይ ቁጥር ነው። አንድ ነገር ፈትሹ፦ ሁለቴ ስታስኬዱት የሚወድቀው አንድ ፋይል ላይ ነው ወይስ የተለያየ? አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ሶርሱ ወይም ሴቲንጋችሁ ነው። ቦታው ከተለያየ ሃርድዌሩን ጠርጥሩ። ረጅም ግንባታ ፕሮሰሰሩንም ራሙንም ለሰዓታት ያለ እረፍት ያሰራል፣ ስለዚህ ብሮውዘር ስትከፍቱ የማይታይ የራም ችግር እዚህ ላይ ይወጣል። ላፕቶፕ ከሆነ የፋኑን አቧራ አጽዱ፣ ሜምቴስት86ፕላስን ሌሊቱን ሙሉ አስኪዱት። አንድ ቀይ መስመር እንኳን ካሳየ ያ ራም ይቀየር። ሶርሱን ደጋግሞ ማውረድ ምንም አይፈይድም።

መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ አይገነባም

አዲስ አበባ ሆኖ ለሚገነባ ሰው ይሄ የተለመደ ነው። ግንባታው መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ዲስኩ ላይ በግማሽ የተጻፉ ወይም ባዶ የሆኑ ኦብጀክት ፋይሎች ይቀራሉ። ሜክ ግን ፋይሉ መኖሩንና ሰዓቱን ብቻ ስለሚያይ ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ ኦብጀክት ፋይሎቹን የሚያገጣጥመው ሊንከር ላይ ስትደርሱ የማታውቁት ሲምቦል ጠፋ ይላችኋል። ዩኤስአር ኦብጅ ውስጥ መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን ኦብጀክት ፋይሎች በፋይንድ አድኑና ሰርዟቸው፤ ካልሆነ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ አጽድታችሁ ጀምሩ። እዚያ ያለው ሁሉ እንደገና የሚገነባ ስለሆነ ምንም አይጠፋባችሁም።

በየጊዜው የምትገነቡ ከሆነ ሜታ ሞድን አብሩት። ኢቲሲ ውስጥ ባለው ኤስአርሲ-ኢንቭ ነጥብ ኮንፍ ፋይል ላይ ዊዝ ሜታ ሞድ ትላላችሁ፣ ፋይልሞን የሚባለውን የከርነል ሞጁል ትጭናላችሁ። ከዚያ በኋላ የተቀየረውን ብቻ ነው የሚገነባው፤ ሰዓታት የሚፈጀው ስራ ወደ ደቂቃዎች ሊወርድ ይችላል። ኢንስቶልወርልድን ግን ላፕቶፑ ባትሪ ሳይኖረው ወይም ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። ግንባታ ቢቋረጥ የሚባክነው ጊዜ ነው፣ ጭነት ቢቋረጥ ግን ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ሲስተም ይቀራችኋል።

ኢንተርኔቱ ከተቆራረጠም ጊት ክሎን ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ዴፕዝ 1 ብላችሁ ታሪኩን ትታችሁ የዛሬውን ሶርስ ብቻ አውርዱ።

ሰዓቱ የተዛባ ማሽን

ይሄ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ዊንዶውስ ጎን ለጎን ያለበት ኮምፒውተር ላይ የማዘርቦርዱ ሰዓት የሚሄደው በአካባቢው ሰዓት ነው። ሲንግል ዩዘር (ለጥገና የሚገባበት ሞድ) ስትገቡ ከርነሉ ያንን ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) አድርጎ ይወስደዋል፤ ኢትዮጵያ ያለው ማሽን በ3 ሰዓት ወደፊት ይዘላል፣ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ ወደኋላ ይቀራል። ሜክ አዲሱን ከአሮጌው የሚለየው በፋይሎቹ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ያለቀውን እንደገና ልገንባ ብሎ ይነሳል፣ ኢንስቶልወርልድ መሀል ላይ ኮምፓይለር ይፈልግና ይወድቃል። መድኃኒቱ አጭር ነው፦ ሲንግል ዩዘር እንደገባችሁ አድጅከርንቲዜድን በአይ አስኪዱ፣ ከዚያ ዴት ብላችሁ ሰዓቱን በአይናችሁ አረጋግጡ።

የማዘርቦርዱ ባትሪ ከሞተ ደግሞ ማሽኑ ድሮ የነበረ ዓመት ላይ ይነሳል። ያኔ ጊት ገና ከመጀመሩ የሰርተፍኬት ኤረር ይሰጣል። ኔትወርኩን አትውቀሱ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ባትሪውን ቀይሩ።

«ባድ ሲስተም ኮል»

ኢንስቶልወርልድን አዲሱን ከርነል ቡት ሳታደርጉ አስኪዳችኋል። አዲሶቹ ፕሮግራሞች የድሮው ከርነል የማያውቀውን ጥሪ ይጠራሉ፣ እሱም ይገድላቸዋል። ኤልኤስ እንኳን እምቢ ካለ ሬስኪው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ሞክሩ፤ ስታቲክ ስለሆኑ የተበላሸ ላይብረሪ አይነካቸውም። አዲሱን ከርነል ጭናችሁ በእሱ ተነሱ። ከርነሉ ገና ካልተገነባ ወደ ቀድሞው ቡት ኢንቫይሮመንት መመለስ ይቀላል።

ኢንስቶልወርልድ ራሱ የሆነ ዩዘር ጠፍቷል ብሎ ከቆመ ትንሿ ፒ ያለችበት ኢቲሲአፕዴት ተዘላለች ማለት ነው። ግጭት አለ ካላችሁ ደግሞ ኢቲሲአፕዴት ሪዞልቭ እያላችሁ አንድ በአንድ ፍቱት።

አዲሱ ከርነል አይነሳም፣ ወይም ስክሪኑ ይጠቁራል

ከርነሉ ፓኒክ ካደረገ (በከባድ ስህተት ከቆመ) ቡት ሜኑው ላይ ከርነል ነጥብ ኦልድን ምረጡ። እሱ ግን በሚቀጥለው ጭነት ሊተካ ስለሚችል የምታምኑትን ከርነል በሌላ ስም ቡት ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ከርነሉ ተነስቶ ግራፊክሱ ሲመጣ የሚጠቁር ከሆነ ዲአርኤም-ኬሞድን ጠርጥሩ። የግራፊክስ ድራይቨሩ ከፖርትስ (ከመሰረታዊው ሲስተም ውጭ ካለው የፕሮግራሞች ስብስብ) የሚመጣ ስለሆነ ከሌላ ከርነል ጋር የተገነባው ሞጁል ከአዲሱ ጋር አይስማማም። በሲንግል ዩዘር ግቡና ፋይል ሲስተሙን ለመጻፍ ክፈቱት፦ ዩኤፍኤስ ከሆነ በማውንት ዩ፣ ዜድኤፍኤስ ከሆነ ሪድኦንሊን ኦፍ በማድረግ። ከዚያ አርሲ ኮንፍ ውስጥ ያለውን የኬኤልዲ ሊስት መስመር ዝጉት። ከተነሳችሁ በኋላ ሞጁሉን ከፖርትስ እንደገና ገንቡ። እንዳይደገም ኤስአርሲ ኮንፍ ላይ ፖርትስ ሞጁልስ ብላችሁ ስሙን ጻፉ፤ ከዚያ ወዲህ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይገነባል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ፕሮግራሞች ላይብረሪ ጠፋ ይላሉ

ዴሊት-ኦልድ-ሊብስን ቸኩላችሁ አስኪዳችኋል። የጫናችኋቸው ፓኬጆች የድሮዎቹን ላይብረሪዎች ገና እየተጠቀሙ ነበር። ፓኬጆችን የሚጭነው ፒኬጂ ራሱ ካልሰራ ፒኬጂ-ስታቲክ አለ፤ በእሱ አፕግሬድን ከኤፍ ጋር አስኪዱና ሁሉም እንደገና ይጫን።

ሜይን የሚባለውን ቅርንጫፍ ገንብታችሁ ማሽኑ ከተንቀረፈፈ ብልሽት አይደለም፣ ዊትነስና ኢንቫሪያንትስ የሚባሉት የዲበግ ፍተሻዎች በርተው ነው። ጀነሪክ-ኖዲበግ በሚለው ከርነል ገንቡት። ለዕለት ስራ ግን ስቴብል ወይም ሪሌንጅ ቅርንጫፍ ላይ ብትሆኑ ይሻላችኋል።

የዜድኤፍኤስን ፑል (ዲስኮቹ የተሰበሰቡበትን ማከማቻ) የሚያሳድገውን ዜድፑል አፕግሬድን ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ማሽን ከቡት ሲያስቀር ስላየሁ ነው። ፑሉ አዳዲስ ፊቸሮች ሲያበራ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለው የድሮ ሎደር (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሊያነበው ያቅተዋል፣ ኢንስቶልወርልድ ደግሞ የኢኤፍአይ ፓርቲሽኑን አይነካም። መጀመሪያ አዲሱን ሎደር ነጥብ ኢኤፍአይ ከቡት ፎልደር ወደዚያ ፓርቲሽን ኮፒ አድርጉ፤ ባዮስ ላይ ከሆናችሁ በጂፓርት ቡትኮድ። አንዴ ሪስታርት አድርጋችሁ መነሳቱን እዩ። ፑሉን ከዚያ በኋላ አሳድጉት።