ሩዝ በፍየል ስጋ በአንድ ድስት፦ መረቁን ለኩ!

ድሬዳዋና ሐረር ላይ ሩዝ በስጋ የዘወትር ምሳ ነው። የሶማሌውም የአረቡም እጅ አለበት። ቤት ሲሰራ ግን ብዙ ጊዜ ወይ ይላቁጣል ወይ ከላይ ጥሬ ይቀራል። ሰው ቅመሙን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመረቁ ልክ ነው።

ለ6 ሰው 1 ኪሎ የፍየል ስጋ ይበቃል። አጥንት ያለው ይሁን፤ ጎድንና ወርች ግሩም ነው። ያለ አጥንት መረቁ ውሃ ውሃ ይላል። ሩዙ 4 ብርጭቆ ባስማቲ ነው። ድስቱ ደግሞ ወፍራም ይሁን፤ ስስ ድስት ከታች ያሳርራል።

3 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት ቀጠን አድርጋችሁ ክተፉና በግማሽ ብርጭቆ ዘይት ጥብስ አድርጉት። ጠቆር ያለ ቡናማ እስኪሆን ታገሱ፣ የሩዙ መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው። የምግብ ቀለም የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልደግፍም፣ ትንሽ እርድ በቂ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ 2 ቲማቲም፣ ከዚያ ቅመም፦ ከሙን፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ስባሪ ቀረፋ፣ ጥቂት ሄልና ቅርንፉድ። የድሬዳዋው ገበያ ከፊራ ስትወርዱ ቅመሙን ሳይፈጭ ሙሉውን ገዝታችሁ ቤት ውቀጡት። የተፈጨው ቶሎ ሽታው ይጠፋል።

ስጋውን ጨምራችሁ አገላብጡ፣ 10 ብርጭቆ ውሃና ጨው አድርጉበትና ክደኑት። እንደ ፍየሉ ዕድሜ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሐረር ላይ ትንሽ ይጨምራል፤ ከድሬዳዋ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃው ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ስጋው ሊበስል ሲል ሩዙን ውሃው እስኪጠራ እጠቡና 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። መጀመሪያ የጨመራችሁትን ውሃ እርሱት። ምን ያህሉ እንደተነነ፣ ስጋው ምን ያህል እንዳወጣ ማንም በዓይን አይገምትም። ስጋውን አውጡና መረቁን በዚያው ሩዙን በለካችሁበት ብርጭቆ ለኩ። ለተዘፈዘፈ 1 ብርጭቆ ሩዝ 1 ተኩል ብርጭቆ መረቅ ነው፤ ለ4 ብርጭቆ 6 ማለት ነው። ካነሰ የፈላ ውሃ ሙሉበት፣ ከበዛ ቀንሱ። ቅመሱትም፤ ጨዉ በዛ ያለ ሊመስላችሁ ይገባል። ልክ ከሆነ ሩዙ አልጫ ይሆናል።

መረቁን ከስጋው ጋር መልሱና ሲንተከተክ ሩዙን አጥልላችሁ ጨምሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ከዚያ በኋላ ማማሰያውን አርቁት! የዘፈዘፋችሁት ባስማቲ ቶሎ ይሰበራል፣ ሲሰበርም ይላቁጣል። በደንብ በሚነድ እሳት መረቁ ወደ ሩዙ ሲሰርግ ከላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ያኔ እሳቱን ከሁሉ ዝቅ አድርጉ፣ ክዳኑን በፎይል አጥብቁና 15 ደቂቃ ተዉት። ከሰል ከሆነ ከስር አብዛኛውን ፍም አውጡና ጥቂቱን ብረት ክዳኑ ላይ አድርጉ። እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላም 10 ደቂቃ አትክፈቱት።

ከላይ ጠንከር ካለ ትንሽ የሞቀ ውሃ አርከፍክፉና መልሳችሁ ክደኑ። ሲወጣ ከጎን በሹካ እያነሳችሁ በትሪ አቅርቡ። ሎሚ፣ ሙዝና በቃሪያ የተፈጨ ቲማቲም ይኑር። የተረፈውን መረቅ አትድፉት፣ ሎሚ ተጨምቆበት ከሩዙ በፊት ይጠጣል።