ሰንጢያችሁ ለምን ያስቸግራል? ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ሰንጢ ሲያስቸግር የሚረገመው እቃው ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ለሌላ ሥራና ለሌላ አየር የተሠራ ሰንጢ ኪሳችን ገብቶ ነው። በተለይ እኛ ጋ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጠዋት ጣት አይታዘዝም። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ደግሞ ሸሚዙ በላብ ይርሳል። አንዱን ችግር መጠገን ይቻላል፣ ለአንዱ ግን መፍትሔው ሌላ መግዛት ነው።

ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል

መጀመሪያ ምን እንደምትቆርጡበት እዩ። አፈር የነካው ማዳበሪያ ስለት ይበላል። ሸክላ ሳህን ላይ ሽንኩርት መክተፍም ያው ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ ግን አሳሳሉ ነው። ብልጭታ እየረጨ በሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ድንጋይ አስላችሁ ከነበር ጫፉን ብርሃን ላይ አገላብጡት። ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ብረቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ግሏል፤ ጥንካሬው ሄዷል። የዚያን ቀን ጸጉር ይላጫል፣ በማግስቱ ቲማቲም ይጨፈልቃል።

ሰማያዊው ክፍል ተስሎ እስኪያልቅ በእጅ፣ ውሃ በጠጣ ድንጋይ ሳሉት። ማዘንበያው 20 ዲግሪ ገደማ ነው። መለኪያ አያስፈልግም። ሰንጢውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጉ፣ በግማሽ አዘንብሉ፣ የቀረውን እንደገና በግማሽ። አንዱን ጎን ስትስሉ በሌላው ጎን ጣት የሚይዝ ቀጭን ጠርዝ ይወጣል። ያኔ ገልብጡ። ሲፈተሽ ጣት በስለቱ ላይ አይሄድም፣ ከጀርባው ወደ ውጭ ብቻ። መጨረሻ ላይ የቆዳ ቀበቶ ጀርባ ላይ ወደ ኋላ እየጎተታችሁ ጥቂት ጊዜ አመላልሱት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከዶለዶመ ብረቱ ራሱ ለስላሳ ነው። አትልፉ።

ይዝጋል፣ ይጠቁራል

ስለቱ ካርቦን ብረት ከሚባለው ተሠርቶ ነው። በቀላሉ ይሳላል፣ ግን እርጥበት አይወድም። መንዝ በግ ለሚያርድ ሰው ደምና ጨው፣ ቆላ ላለ ሰው ላብና ሎሚ ጠላቱ ነው። መጥቆሩ ብቻውን አይጎዳም፤ ቀዩን ዝገት ግን በአመድ ፈትጋችሁ አጥባችሁ አድርቁ። ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ጠብታ፣ ምግብ ከመቁረጣችሁ በፊት የሚጠረግ። የኑግ ዘይት አትቀቡ! ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ መታጠፊያው አልንቀሳቀስ ይላል። ቆላ የሚውል ሰው ከመጀመሪያው ስቴንለስ ቢገዛ ይሻለዋል።

አልከፈት ይላል

ብርድ ላይ ከሆነ ችግሩ ቆፈን ነው። በጥፍር የሚከፈት ሰንጢ ለደጋ ጠዋት አይሆንም። ስለቱ ላይ ለአውራ ጣት ቀዳዳ ወይም ጉብታ ያለው ምረጡ።

ክረምት ላይ ብቻ ከሆነና እጀታው እንጨት ከሆነ፣ እንደ ፈረንሳዩ ኦፒኔል፣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው። ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ እሳት ዳር አታስቀምጡት፣ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ መታጠፊያውን በንብ ሰም እሹት።

ጣት ላይ ይታጠፋል

ብዙዎቹ ትናንሽ የስዊስ ሰንጢዎች መቆለፊያ የላቸውም፣ ስለቱን የሚይዘው ሞላ ብቻ ነው። ለመቁረጥ እንጂ ለመውጋት አይደሉም። ጆንያ መብሳት ካለባችሁ የሚቆለፍ ግዙ። ተቆልፎም የሚታጠፍ ከሆነ መቆለፊያው ውስጥ የገባውን የኪስ ብናኝ በመርፌ አውጡ። አሁንም ከታጠፈ ጣሉት። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ፍተሻ ላይ ይወሰዳል

መናኸሪያ የሚያዘወትር ሰው ትልቅ ስለት ኪሱ አይያዝ። አውሮፕላን ላይ ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ባለብዙ መሣሪያው ቤት ይቀራል

ፒንሳ፣ ስለትና ካቻቢቴ አንድ ላይ የያዘው መሣሪያ ከባድ ስለሆነ ነው። ታዋቂው ሌዘርማን ዌቭ ሩብ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ኪስ ይጎትታል። እኔ የምለው፣ ሞተር፣ ባጃጅ ወይም የውሃ ፓምፕ ከሌላችሁ ፒንሳ ለምኑ? ትንሽ ሰንጢ ትበቃለች።

ፒንሳ የግድ ከሆነ ገንዘቡን ሳትከፍሉ መንጋጋውን ግጠሙና ወደ ብርሃን አንሱት። ጫፉ ሳይገናኝ በመሃል ብርሃን ሰፋ ብሎ ካለፈ፣ ቀጭን ሽቦ አይዝም። ከዚያ ካቻቢቴውን ከፍታችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። እንደ ልቅ ጥርስ ከተወዛወዘ፣ የተጻፈበት ስም የፈለገው ቢሆን ለሻጩ መልሱለት።