ለኮንግረስ ተወካያችሁ ጉዳያችሁን እንዴት ታስረዳላችሁ?

አሜሪካ ያለን ኢትዮጵያውያን ሰልፍ መውጣት አይከብደንም፤ ለገዛ ተወካያችን መደወል ግን እንፈራለን። ስልክ ዋጋ አለው። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ኤፕሪል 10 ቀን 2018 በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀውን ኤችአር 128 የተባለ የውሳኔ ሐሳብ ያሳለፈው ወገኖቻችን በየከተማው ሲደውሉና ደጅ ሲጠኑ ከከረሙ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ተወካያችሁን እወቁ። ሃውስ ዶት ጎቭ ላይ ዚፕ ኮድ ስታስገቡ ስሙ ይወጣል። ከስቴታችሁም ሁለት ሴናተሮች አሏችሁ። (የዲሲ ነዋሪ ሴናተር የለውም፤ በምክር ቤቱ ያለው ተወካዩም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል።) የሌላ ስቴት ዝነኛ ሴናተር ጋ ደውላችሁ አትድከሙ፤ የምትጠየቁት አድራሻችሁን ነው። ዜግነት ያላገኘ ነዋሪም መደወል ይችላል።

ከዚያ አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ። 202-224-3121 ላይ ደውላችሁ የተወካዩን ስም ስትናገሩ ከቢሮው ጋር ያገናኟችኋል። ስልኩን የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ወጣት ኢንተርን ስለሆነ እንግሊዝኛችን ይሰባበራል ብላችሁ አትሸማቀቁ። የምትሉትን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አንብቡለት፦

«ስሜ እገሌ ይባላል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። እህቴን ለማምጣት ካመለከትኩ 14 ዓመት ሆነኝ፤ እናታችንን ብቻዋን ቀበረች። ተወካዩ የቤተሰብ ቪዛ ኮታን የሚጨምረውን ረቂቅ እንዲደግፉ እጠይቃለሁ። አቋማቸውን በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ።»

አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያቺ እናቷን ብቻዋን የቀበረች እህት ከአድማጩ ልብ አትወጣም። በየግሩፑ የሚዞረውን ኢሜይል እንዳለ ገልብጦ መላክ ግን ቁጥር ከመሙላት ብዙም አያልፍም፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች በራሳችሁ ታሪክ ተኩ። ዋሽንግተን የሚላክ የወረቀት ደብዳቤ በ2001 አንትራክስ የተባለ ገዳይ ባክቴሪያ በፖስታ ከተላከ ወዲህ ስለሚፈተሽ ይዘገያል።

የተንጓተተው የራሳችሁ የኢሚግሬሽን ፋይል ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። በአካባቢያችሁ ወዳለው የተወካዩ ቢሮ ሂዱና ፋይላችሁን እንዲከታተሉ የሚፈቅደውን ቅጽ ፈርሙ። ውሳኔውን ባይለውጡም የት እንደደረሰ ይጠይቁላችኋል።

ኦገስት ላይ ምክር ቤቱ ሲዘጋ ተወካዮች ወደየአካባቢያቸው ይመለሳሉ። ያኔ ከእድራችሁ፣ ከቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም ከመስጊዳችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ቀጠሮ ያዙ። ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስምና ቀኑን መዝግቡ፤ በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ ያንኑ ሰው ስሙን ጠርታችሁ እንደገና ጠይቁት።