ልጅ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ወተት ሲል እንዴት እንስጠው?

እናቶች፣ አመት ያለፈው ልጅ ሌሊት 10 ወይ 11 ሰዓት ላይ ብድግ ብሎ "ወተት" ሲል ቤቱ ሁሉ ነው አብሮት የሚነሳው፣ ስለዚህ አብዛኞቻችን እንቅልፋችን ሳይለቀን ጡጦ ሞልተን እናስይዘውና ተመልሰን እንተኛለን። ወተቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ተኝቶ ጡጦውን እንደያዘ እንቅልፍ ሲወስደው ነው፣ ምክንያቱም ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ ወተቱ ጥርሱ ላይ ተኝቶ ያድራል፣ የፊት ጥርሶቹ ገና ሳይጠነክሩ የሚበሉት በዚህ ነው፣ ተጋድሞ መጥባት ለጆሮ ኢንፌክሽንም ያጋልጣል።

መጀመሪያ ግን ሂሳቧን ስሪ። ከ1 እስከ 2 አመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ነው መተኛት ያለበት። ማታ 1 ሰዓት የተኛ ልጅ ሌሊት 11 ሰዓት ቢነሳ 10 ሰዓት ተኝቷል፣ ቀን ደግሞ 2 ሰዓት ካሸለበ 12 ሞላ ማለት ነው፣ እና ይሄ ልጅ እንቅልፉን ጨርሷል በቃ፣ ለሱ ነግቷል፣ በወተት መልሰሽ ላስተኛው ብትይ አይሆንልሽም። እሱን የማታ መኝታውን በየቀኑ 15 ደቂቃ እየገፋሽ ወደ 2 ሰዓት ማምጣት ወይ የቀኑን እንቅልፍ ማሳጠር ነው። ማታ 4 ሰዓት ድረስ ከትልልቆቹ ጋር ቲቪ ፊት ቆይቶ ሌሊት 10 ሰዓት የሚነሳው ግን ሌላ ነው፣ እሱ ከመጠን በላይ ደክሞት ነው እንቅልፉ የሚቆራረጠው፣ ቀደም ብሎ ይተኛ።

ቀጥሎ ርቦት ነው ወይስ ለምዶበት የሚለውን እይ። ሁለት ሶስቴ ስቦ ጡጦው አፉ ውስጥ እያለ የሚያንቀላፋ ልጅ አልራበውም፣ ማስተኛው አርጎት ነው። ጥርግ አርጎ ጠጥቶ ጨምሪልኝ የሚል ከሆነ ግን እራቱን ተመልከቺ፣ ብዙ ቤት አመሻሽ ላይ ብስኩት ይበላና እራት ሲቀርብ አልበላም ይላል። ብስኩቱን ትተሽ ሽሮ ፍትፍት በቅቤ፣ ምስር፣ እንቁላል ወይ ገንፎ ስጪው፣ ከሱ በኋላ ወተት ከጠጣም ጥርሱን ቦርሾ ይተኛ።

ሲነሳ ወዲያው አትሩጪ፣ አንዳንዴ አጉረምርሞ ይመለሳል። ካልተመለሰ ትልቁን መብራት ሳታበሪ ገብተሽ መጀመሪያ ውሃ ስጪው። እምቢ ካለ ጭንሽ ላይ ቀጥ አርገሽ አስቀምጠሽ ወተቱን በኩባያ ስጪው፣ ሲጨርስ ንፁህ ጨርቅ በውሃ አርሰሽ ጥርሱን ጠረግ አርጊለት፣ ከዛ ነው ወደ አልጋ። ጨዋታ የለም፣ ስልክ በፍፁም።

ልማድ ከሆነ ቀስ እያሉ መቀነስ ነው። 150 ሚሊ የሚጠጣ ከነበረ ለሁለት ሶስት ሌሊት 120፣ ከዛ 90፣ ከዛ 60፣ ከዛ ውሃ ብቻ። የላም ወተት ከሆነ በውሃ እያቀጠኑ መሄድም ይቻላል፣ ግን ይሄ ሁሉ አመት ላለፈው ልጅ ነው! ከአመት በታች ላለው የላም ወተት እንደ ዋና መጠጥ አይሰጥም፣ የጣሳ ወተቱም ቆርቆሮው ላይ ከተፃፈው በላይ ውሃ አይጨመርበትም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ለሌሊት ብለን ማታ ያፈላነውን ወተት ፔርሙስ ውስጥ የምናሳድር አለን፣ ለብ ያለ ወተት ሰዓታት ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል። ከጎረቤት ወይ ከወተት ቤት የመጣውን በደንብ አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ ፍሪጅ አስገቢው፣ ፔርሙሱ ውስጥ የፈላ ውሃ ይደር፣ ሌሊት ውሃውን ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጠሽ ኩባያውን መሃሉ ብታቆሚው ትንሽ ቆይቶ ለብ ይልልሻል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ የዱቄት ወተት በዛው ሰዓት መበጥበጥ ይሻላል።

በቀን ውስጥ ያለው ጠቅላላ ወተት ወደ 500 ሚሊ ቢሆን በቂ ነው፣ ከ700 አይለፍ። ወተት ብዙ አይረን የለውም፣ ሆዱን ሞልቶ ምግብ ያስተወዋል፣ ደም ማነስ የሚመጣው እንዲህ ነው፣ ከምግብ ጋር ሻይ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

የምታጠቢ ከሆንሽ እስከ 2 አመትና ከዛም በላይ ማጥባት ይመከራል፣ ስለዚህ የንጋቱን ብቻ ለማስቀረት ጡት ላይ እሬት መቀባት አያስፈልግም፣ እኔ ጭራሽ አልወደውም። በዛ ሰዓት አባትየው ውሃ ይዞ ቢገባ ይሻላል፣ አንቺን ካየ ጡት ነው የሚፈልገው። ለእማማም፣ ለሰራተኛዋም አስቀድመሽ ንገሪ፣ አንዱ እየከለከለ አንዱ "አቦ ስጡት ዝም ይበል" ካለ ልጁ ለቅሶውን ያረዝማል እንጂ አይተውም።

ትኩሳት ካለው፣ ጆሮውን የሚጎትት ከሆነ፣ ጥርስ እያወጣ ከሆነ ወይ ከተቅማጥ እያገገመ ከሆነ መቀነሱን አትጀምሪ፣ ይለፍለትና። ኪሎ ካልጨመረ ወይ ተኝቶ የሚያንኮራፋ ከሆነ ግን የወተቱን ጣጣ ትተሽ ሀኪም ጋር ውሰጂው።