የወደቀ ፍላይ ሪል፦ ስፑሉ ነው ወይስ ፍሬሙ የተጣመመው?

ፍላይ ሪል ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ የሚታሰር የክር መጠቅለያ ነው፤ ክሩ የሚጠቀለልበት ተሽከርካሪ ክፍል ስፑሉ፣ እሱን የሚይዘው አካል ደግሞ ፍሬሙ ነው። ወንዝ ውስጥ ሪሉን የጨረመተ ሰው እስካሁን ያየሁት ሁለት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ዘንጉን መኪናው ላይ ያስደግፋል፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ይቀይራል፣ አንዱ በር ይከፍታል፣ ዘንጉ ይንሸራተታል። መጀመሪያ አስፋልቱን የሚመታው ሪሉ ነው። ከዚያ እሁድ ማታ ስልኬ ይጮሃል። «ጋሼ፣ ሪሏ እምቢ አለች።» እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ትራውት የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምድ የአገሬ ልጅ ሁሉ የእኔን ጋራዥ ያውቀዋል መሰለኝ።

ስፑሉን ነቅሎ አሸዋ መጥረግ፣ ቀጭኑ ክር ከኋላ እንዳልገባ ማየት፣ ይሄን ታውቃላችሁ። አልደግመውም።

ስፑሉ ሲዞር ይፋቃል

ከሚመጡልኝ አሥር ሪሎች ስምንቱ ይሄ ነው። በስፑሉ ከንፈርና በፍሬሙ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከመታወቂያ ካርድ ውፍረት ያነሰ ነው። ክር እንዳይሾልክ ሆን ተብሎ የተጠበበ ነው። ስለዚህ በዓይን የማትታይ ጉድጓድ እንኳን ትበቃዋለች።

ብዙ ሰው የተጣመመውን በድምፅ ለመለየት ይሞክራል። ጆሮ ያታልላል። ማርከር አምጡ። የስፑሉን ከንፈር ፍሬሙን በሚነካበት በኩል ዙሪያውን ቀቡት። መልሳችሁ ግጠሙና አሥር ጊዜ በዝግታ አዙሩት። አሁን ንቀሉት። ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተፋቀ የተጣመመው ስፑሉ ነው። ዙሪያውን ሁሉ ከተፋቀ ስፑሉ ጤነኛ ነው፣ ፍሬሙ አንድ ቦታ ላይ ገብቷል ማለት ነው። ይቺን የሁለት ደቂቃ ሥራ ዘሎ ጤነኛውን ክፍል ያጣመመ ሰው አውቃለሁ። ሁለት ጥፋት ይዞ መጣ።

ቀጥሎ ሪሉ ከምን እንደተሠራ እዩ። ከሙሉ አሉሚኒየም በቶርኖ የተቀረጸ ከሆነ ጠርዙ ስል ነው፣ ቀጫጭን የቶርኖ መስመርም ይታይበታል። ይሄ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራው ርካሹ ደግሞ ጠርዙ ድቡልቡል ነው፤ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ግራጫና ሻካራ ሆኖ ይታያል። እሱ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። እኔ ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ባቲላሜራ ቤት ነው የሠራሁት። የመኪና ፓራፋንጎ ያቃናሁበት እጅ ሪል ያቅተዋል ብዬ አላሰብኩም። የመጀመሪያዋን ሪል ሞርሳ ላይ አሰርኳትና በመርቴሎ ቀስ ብዬ ኳ፣ ኳ። ሦስተኛው ላይ እንደ ምጣድ ለሁለት ተሰነጠቀች። የሰው ነበረች። ከኪሴ ከፈልኩ።

እና መዶሻ የለም። የላስቲክም ቢሆን። አሉሚኒየም የሚፈልገው ቀስ ያለ ግፊት ነው።

የስፑሉ ከንፈር ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ክሩን በሙሉ አውጡ። ክሩ ላይ እንዳለ የሚሠራ ሰው አያናግረኝ። አንድ ልጅ በፒንሳ ሲታገል ፒንሳው አመለጠውና የ80 ዶላር ክር መሃሉ ላይ ተበጠሰ። የፒንሳው ጥርስም ከንፈሩ ላይ እንደ ውሻ ንክሻ ታትሞ ቀረ። ጠንካራና ድቡልቡል እንጨት ሞርሳ ላይ በአግድሙ እሰሩ። ከንፈሩን ከውስጥ በኩል እንጨቱ ላይ አስደግፉት፣ ልክ የተጎዳው ቦታ ላይ። ስፑሉን በሁለት እጅ ይዛችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ወደ ታች ተጫኑ። ስትለቁት ትንሽ ወደ ተጣመመበት ይመለሳል፣ ጠባዩ ነው። ማርከሩን ድገሙ፣ ግጠሙ፣ አዙሩ፣ ንቀሉ፣ ተጫኑ። እኔ ስድስት ሰባት ጊዜ እመላለሳለሁ። ከልክ በላይ አውጥታችሁ መልሳችሁ ካስገባችሁት ግን ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም ወዲያ ወዲህ መታጠፍ አይወድም።

ሞርሳ የለም አትበሉ። ባለፈው ወደ ባሌ ሄጄ፣ ዲንሾ ላይ ሪሌ ከፈረስ ጭነት ወደቀች። ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ ጣት ያደርቃል። የዌብ ወንዝ ትራውት ዘሩ ከኬንያ የመጣ ነው፤ ያንን ሁሉ መንገድ ሄጄ በአንድ ከንፈር ሰበብ ሳላጠምድ ልመለስ? ያረፍኩበት ቤት እመቤት የቡና ዘነዘናቸውን አበደሩኝ። እሱን በጉልበቴ መሃል አጥብቄ ይዤ ከንፈሩን አቃናሁት። እሳቸው ቡናውን ጨርሰው ሳይቀዱ ሪሏ ዞረች።

ፍሬሙ ከሆነ የገባው ያው እንጨት፣ ያው ግፊት ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ። የፍሬሙን ሁለት ጎን የሚያያይዙትን ምሰሶዎች ግን ይዛችሁ አትጎትቱ።

በእሳት አታሙቁት። በጭራሽ። 6061 የሚባለው አሉሚኒየም ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ጥንካሬው መውረድ ይጀምራል። እንደ ብረት ቀልቶም አያስጠነቅቃችሁም፤ ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት ይቀልጣል። ውስጡ ያለው የድራግ (ዓሣ ክሩን ሲጎትት የሚይዘው ፍሬን) ዲስክና የላስቲክ ቀለበትማ ከዚያ በፊት አልቆለታል።

ዞሯል፣ ግን ክሩ ይላጫል

ጠርዙ ላይ እሾህ ቀርቷል። በጣት አትፈልጉት፣ ጥጥ አሳልፉበት። ጥጡ የያዘበትን ቦታ በ400 ከዚያም በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ዱቄቱን እጠቡ፣ ድራጉ ውስጥ እንዳይገባ። የተላጠውን ቦታ በቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ቀቡት፤ ባዶ አሉሚኒየም ጨው ውሃ ካገኘው ይበላል። የባለቤቴን ጠርሙስ ሁለቴ ጨርሻለሁ።

ምንም ሳይወድቅ ይፋቃል

ከዋናው ክር ስር የጠቀለላችሁት ናይለን ክር ነው አይደል? ናይለን ተወጥሮ ሲጠቀለል ለመሰብሰብ ይታገላል፣ የስፑሉን ግድግዳዎች ወደ ውጭ ይገፋል። ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ስፑል ማበላሸት። አውጡትና ባለ 20 ፓውንድ ዳክሮን የሚባለውን ክር ጠቅልሉ። ስፑሉ አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ እንደተነፋ ይቀራል።

እጀታው ሲዞር ድራጉ አይዝም

መውደቁ ላይሆን ይችላል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው ኩሽኔታ ላይ ዘይት ረጭታችኋል። ወይም ግራሶ ሞልታችሁበታል። አጽዱት፣ ጠብታ ብቻ መልሱ።

የሪሉ እግር ዘንጉ ላይ አይቀመጥም

ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጫኑት። ስንጥቅ ካያችሁ ተዉት፣ ትልቅ ዓሣ ሲስብ ሪሉ በእጃችሁ ላይ ይወድቃል።

ስፑሉ ሲዞር ይወዛወዛል

መሃል ያለው አክሰል ተጣሟል። ይሄን አላቃናም፣ የሚያቃና ሰውም አላየሁም። ሪሏን አትጣሏት። ሳጥኔ ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት አሉ፤ የሦስቱ እጀታ አሁን ሌላ ሰው ሪል ላይ ይዞራል።