በአሚኖ አሲድ ፖሊመሮች ምርምር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በራሱ በሰውነት ላይ በሚነሣባቸው በሽታዎች ምርምር፣ ከሰው ሠራሽ የአሚኖ አሲድ ፖሊመሮች (የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑት አሚኖ አሲዶች ተያይዘው ከሚፈጥሯቸው ሰንሰለቶች) ሁሉ ስሙ የገነነው ግላቲራመር አሲቴት ነው፤ የቀድሞ ስሙ ኮፖሊመር 1። የማልቲፕል ስክለሮሲስ (የመከላከያ ሥርዓቱ የነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ) መድኃኒት ሆኖ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1996 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ እሱ ከሚጻፈው ውስጥ የሚደጋገሙት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛውና የብዙዎቹ እናት፣ ፖሊመሩን እንደ አንድ ሞለኪውል ማየት ነው። «የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም። አንድ ወጥ ቅደም ተከተል የለውም። አላኒን 43፣ ላይሲን 34፣ ግሉታሚክ አሲድ 14፣ ታይሮሲን ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ሆነው ይያያዛሉ፤ በየሰንሰለቱ ግን ርዝመቱም አደራደሩም ይለያያል። አንድ ሆኖ የሚቆየው ምጣኔው፣ የመጠን ስርጭቱና የአሠራር ዘዴው ነው። ስለዚህ የምርት ተራ ቁጥሩን ሳይመዘግቡ፣ በሁለት ጊዜ ከተመረተ ናሙና የተገኘን ውጤት በአንድ ሰንጠረዥ ማደባለቅ ትልቅ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ከዚሁ ይወለዳል፦ «አማካይ ሞለኪውላዊ ክብደቱ ይህን ያህል ነው» ብሎ ማለፍ። የትኛው አማካይ? ሁለት ሰንሰለቶች ብቻ አሉ እንበል፤ አንዱ 4,000፣ ሌላው 10,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ)። ድምሩን ለሁለት ብናካፍል 7,000 ይሆናል። እያንዳንዱ ሰንሰለት እንደ ክብደቱ ድርሻ እንዲቆጠር ካደረግን ግን አማካዩ ወደ 8,300 ይጠጋል። ሞለኪውሎችን በመጠናቸው በሚለየው የክሮማቶግራፊ ዘዴ ግራፍ ላይ የጫፉን ቁጥር የሚያነብ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ቁጥር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ነገሩ የፊደል ቆጣሪዎች ጭቅጭቅ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቴቫና ሳንዶዝ የተባሉት የመድኃኒት ኩባንያዎች በዚሁ ጥያቄ ተካሰው ጉዳያቸው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ውሳኔው የተሰጠው በ2015 ነው። በጥናት ጽሑፋችሁ የዘዴ ክፍል ውስጥ የአማካዩን ዓይነት ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል።

ሦስተኛው የታሪክ ስህተት ነው። ብዙዎች ፖሊመሩ ገና ሲጠነሰስ ለመድኃኒትነት የታሰበ ይመስላቸዋል። በእስራኤል ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ሚካኤል ሴላ፣ ሩት አርኖንና ድቮራ ታይተልባውም የፈለጉት ተቃራኒውን ነበር፦ የነርቭ ሽፋን የሆነውን የማየሊን ፕሮቲን የሚመስል ነገር ሠርተው በላብራቶሪ እንስሳት ላይ ማልቲፕል ስክለሮሲስን የሚመስል በሽታ መቀስቀስ። አልቀሰቀሰም፤ ጭራሽ በሽታውን አፈነው፤ ይህንንም በ1971 አሳተሙ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ፖሊመሩን የማየሊን ማታለያ ብቻ አድርጎ ያስረዳና ያበቃል። የፕሮቲን ቁርጥራጮችን ለመከላከያ ሴሎች ከሚያሳዩት የኤች ኤል ኤ-ዲ አር ሞለኪውሎች ጋር በስፋት መጣበቁ፣ ቲ ሴሎች የተባሉትን የመከላከያ ሴሎች ብግነት ወደሚያበርድ ጠባይ ማዘንበሉ፣ ሞኖሳይት በተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ ሁሉም ማስረጃ አላቸው። ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ሌሎቹን መጣል አያስኬድም።

የማነጻጸሪያ ቡድን ጉዳይ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሥራ ያበላሻል። ባለ 20 ሚሊግራሙ የተዘጋጀ መርፌ ውስጥ 40 ሚሊግራም ማኒቶል የተባለ የስኳር አልኮል አለ። ማነጻጸሪያው ቡድን ጨዋማ ውሃ ብቻ ከተወጋ ልዩነቱ ሁለት ነገር ሆነ ማለት ነው። በሴል ማሳደጊያ ሳህን ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙሌቱን አትርሱ። ላይሲን ስለሚበዛበት ፖሊመሩ አዎንታዊ ነው፤ አሉታዊ ሙሌት ያለው የሴል ሽፋን ላይ ይጣበቃል። በከፍተኛ መጠን ሴሎች ሲሞቱ «የመከላከያ ሥርዓት ውጤት ነው» ከማለት በፊት፣ ፖሊ ላይሲንን የመሰለ ሌላ አዎንታዊ ፖሊመር ጎን ለጎን መሞከር ይገባል።

ከአይጥ ወደ ሰው መዝለል ያረጀ ስህተት ቢሆንም አልጠፋም። ለምርምር ተብሎ በአይጦች የሚቀሰቀሰው የነርቭ ብግነት መነሻ ቀኑ ይታወቃል፤ ፖሊመሩም ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይታይ አስቀድሞ ይሰጣል። ታማሚው ሰው ግን ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሽታው ከገባ በኋላ ነው። ፖሊመሩ በአፍ ሲሰጥ በእንስሳት ላይ ሠርቶ ነበር፤ ከ1,600 በላይ ታማሚዎች በተካፈሉበት ኮራል በተባለው ጥናት ግን በአፍ የተሰጠው አልፈየደም። ፕሮሚስ በተባለውና 943 ሰዎች በገቡበት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከመነሻው ቀስ እያለ በሚባባሰው የበሽታው ዓይነት ላይ መርፌው ጥቅሙን ማሳየት አልቻለም። ጥቅሙ የታየው እያገረሸ በሚመጣው ዓይነት ነው፤ በ1995 በታተመው የሁለት ዓመት ጥናት የማገርሸት መጠኑ በ29 በመቶ ቀንሷል። «ለማልቲፕል ስክለሮሲስ ይሠራል» ብሎ መጻፍ እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው።

በመጨረሻ፣ «አሚኖ አሲድ እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር። ከመርፌው በኋላ ፊት መቅላት፣ ደረት መጨነቅና የልብ ምት መፍጠን ያጋጥማል፤ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕክምና ያልፋል። በጥር 2025 ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል አናፊላክሲስ (መላ ሰውነትን የሚያጠቃ ከባድ የአለርጂ ምላሽ) በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር አድርጓል። አናፊላክሲሱ መርፌው ከተጀመረ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ሊከሰት ይችላል። የተለመደው ምላሽና የአናፊላክሲስ ምልክቶች መጀመሪያ ላይ ስለሚመሳሰሉ፣ እየባሰ የሚሄድን ወይም ቶሎ የማይለቅን ምልክት «የተለመደው ነው» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።